አንድ ጆሮ፣ ሁለት ተናጋሪ

አረርቲ ውስጥ ላፕቶፕ ከፍቼ ድምፅ ስቆርጥ ያየኝ ሰው ሁሉ «ሳታየው እንዴት ነው የምትሠራው?» ይለኛል። መልሴንም አይጠብቅም፤ «እግዜር ዓይን ሲነሳ ጆሮ ይሰጣል» ብሎ ራሱ ይዘጋዋል። ምን ጆሮ ሰጠኝ? ግራው በልጅነቴ ሲመግል የኖረ ነው። ደግሞስ ድምፅ ለመቁረጥ ዓይን ምን ይሠራል? የእኔ ጣጣ ሌላ ነው። የምቆርጠው ሰው ያወራል፤ ኮምፒውተሬም ያወራል፤ ሁለቱም የሚያወሩት በዚሁ በአንድ ጆሮዬ ነው።

ስክሪኑ ላይ ያለውን የሚያነብልኝ ስክሪን ሪደር ኤንቪዲኤ ይባላል። በ2006 እ.ኤ.አ. ማይክል ከራን የሚባል ዓይነ ስውር አውስትራሊያዊ ጀመረው፤ ጄምስ ቴህ የሚባል ሌላ ዓይነ ስውር አገዘው፤ ለዓለም በነጻ ለቀቁት። ሌላው ጆዝ ነው፤ እሱ ግን ይሸጣል፤ ዋጋው ስንት ኩንታል የምንጃር ጤፍ እንደሚሆን ማስላት ጀምሬ ልቤ ስላዘነ ትቼዋለሁ። ሳይገዙት የሞከሩት ሰዎች ያውቁታል፦ 40 ደቂቃ ያነብልህና ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ካልተነሳ ቃል አይተነፍስም። እኔ ኤንቪዲኤን እንድወድ ያደረገኝ በዋናነት እንደ ጆዝ አለማኩረፉ ነው።

የምቆርጠው በኦዳሲቲ ነው። እሱም ነጻ ነው፤ አሜሪካ ካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ተጠንስሶ በ2000 እ.ኤ.አ. ወጣ። ማውስ የሚባል ነገር አልነካም። ስፔስ ስመታ ይጫወታል፤ ደግሜ ስመታ ይቆማል። የማይፈለገው ቃል ሊመጣ ሲል የግራውን ቅንፍ፣ ሲያልፍ የቀኙን ቅንፍ እመታለሁ። ከዚያ ሲ የምትለዋን ፊደል ስነካ፣ ያ ቁራጭ ቢወጣ የቀረው እንዴት እንደሚጋጠም ሳይቆርጥ ያሰማኛል። ዜድ ደግሞ የቁራጩን ሁለት ጫፍ የድምፁ ሞገድ ዜሮ ወደሚነካበት ቦታ ያስጠጋዋል፤ አለዚያ መጋጠሚያው ላይ «ጧ» የሚል ነገር ይቀራል። ሁሉም ካማረኝ ዲሊት። ሞያውን የገፉት ሪፐር የሚባለውን ይመርጣሉ፤ ያው ጄምስ ቴህ ኦሳራ የሚባል ማገናኛ ሠርቶለት ለእኛ ይናገራል። እኔ ጣቴ የለመደውን አልቀይርም።

አንድ ነገር ላይ ግን እመጻደቃለሁ። የሚያዩት ስክሪኑ ላይ ሞገዱ የተኛበትን ቦታ ፈልገው እዚያ ይቆርጣሉ። ለዓይን ዝምታ የመሰለው ግን ሰውዬው ለሚቀጥለው ቃል የሳበው ትንፋሽ ሊሆን ይችላል። እሱ ሲወጣ ተናጋሪው ሳይተነፍስ የሚለፈልፍ ጉድ ይሆናል። ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሲተርክ የሰማ ሰው ትንፋሹም የትረካው አካል እንደሆነ ያውቃል።

ወደ ሁለቱ ተናጋሪዎች ልመለስ። ድምፁ ላይ የት እንዳለሁ የሚነግረኝ ኤንቪዲኤ ነው። እሱን ስሰማ ቀረጻው ያመልጠኛል፤ ቀረጻውን ስሰማ እሱ ያቋርጠኛል። ኮንትሮልን ተጭኜ ዝም አሰኘዋለሁ፤ ትንሽ ቆይቶ ይመለሳል። አማርኛ ላይማ ሌላ ጉድ አለ። ማይክሮሶፍት መቅደስና አምሃ የሚባሉ ደህና የአማርኛ አንባቢዎች አሉት፤ እነሱ ግን ያለ ኢንተርኔት አይሠሩም። ያለ ኢንተርኔት የሚሠራው ኢስፒክ አማርኛ ሲሞክር ደግሞ የሚጠብቀውን ከሚላላው ስለማይለይ፣ ያነበበውን ለመረዳት ጽሑፉን አስቀድሞ ማወቅ ይጠይቃል። ስለዚህ ቀረጻ ላይ ምልክት ሳደርግ አማርኛውን በላቲን ፊደል እጽፈዋለሁ፤ ኤንቪዲኤም በእንግሊዝኛ ድምፁ እንደ ፈረንጅ ያነብልኛል።

መዘዙም ከዚህ መጣ።

ጥር ላይ እህቴ ተዳረች። ጤፉ ተወቅቷል፤ ሽምብራው ገና ከማሳ አልተነሳም። በነገራችን ላይ፣ ከደብረ ዘይት የግብርና ምርምር ማዕከል የወጣ አረርቲ የሚባል የሽምብራ ዝርያ አለ። እኛ ቤት ግን ሽምብራ ሲነሳ የሚወራው ስለ ዝርያው ሳይሆን ስለ ማሳው ወሰን ነው። የሙሽራው አባት የመሬት ጎረቤታችን ናቸው። ሽማግሌ ሲላክ የወሰኑን ነገር ማንም አላነሳም፤ ልጆቹ ተዋደዋል፣ ምን ይደረጋል።

ሜሪላንድ ያለችው አክስቴ ግን አልረሳችም። መምጣት ስላልቻለች ምርቃቷን በቴሌግራም ድምፅ ላከችልኝ፤ «አሳምረህ ቆራርጠህ ቅልቅሉ ላይ አሰማልኝ» አለች። ከፍቼ ሰማሁት። ከሰላምታዋ በኋላ «የሸንኮራው ዮሐንስ ይጠብቃችሁ» ብላ ምርቃቱን ትጀምራለች፤ ድምፅዋ ይሰበራል፤ ታለቅሳለች። እንባዋን ጠርጋ ስታበቃ፣ «ወንድሜ አፈር ሳይለብስ ማሳው ውስጥ ሞፈር ያስገባ ሰው ዛሬ አማች ሆነ አሉኝ!» ትላለች። ደግሞ ወደ ምርቃቱ ትመለሳለች። ደግሞ ትሳደባለች። ስድቡን መልቀም ነበረብኝ፤ በየቦታው እያቆምኩ «ስድብ 1»፣ «ስድብ 2» ብዬ በላቲን ፊደል ምልክት አደረግሁ።

አብዛኛው በቀላሉ ወጣ። አንዱ ግን አስቸገረኝ፦ «በልጅ ይባርካችሁ፣ እንደ አያቱ ወሰን የማይገፋ!» ምርቃቱና ስድቡ በአንድ ትንፋሽ ነው የወጡት። «ይባርካችሁ» ላይ ብቆርጠው አንገቷን የታነቀች ይመስላል። በመጨረሻ «እንደምን ሰነበታችሁ» ስትል ከሳበችው ትንፋሽ ቆርጬ እዚያ ለጠፍኩላት። እውነቱን ልናገር፣ በሕይወቴ ከሠራሁት ሁሉ የምኮራበት ይህ ቅጥል ነው፤ ማንም አያውቀውም።

የቅልቅሉ ዕለት ሙሽራው ቤት ዳሱ ሞልቷል። ምርቃቱ ያለበትን ፍላሽ ዲጄው ማሽኑ ላይ ሰካው፤ አላነበበውም። ነቀለ፣ እፍ አለበት፣ መልሶ ሰካው። እምቢ። «ላፕቶፑን አምጣው» ተባልኩ። የድምፅ ማጉያው ገመድ የሚገባው የጆሮ ማዳመጫዬ ከሚሰካበት ቀዳዳ ነው፤ ሌላ ቀዳዳ የለም። ማዳመጫዬን ነቀሉት። እንግዲህ ከዚያ በኋላ ለእኔ በጆሮዬ ይንሾካሾክ የነበረው ሁሉ በዳሱ ሊነገር ነው።

ኢንሰርትና ኤስን መታሁ፤ ኤንቪዲኤን ዝም የሚያሰኝ ትእዛዝ ነው። እሱ ደግሞ ዝም ከማለቱ በፊት ዝም ማለቱን ይናገራል፦ «ስፒች ሞድ ኦፍ!» ዳሱ ፀጥ አለ። ከወደ ማዕዘኑ አንዲት እናት፣ «ይሄን ፈረንጅ ደግሞ ማን ጠራው?» ሲሉ ሰማሁ። ስፔስ መታሁ፤ ፕሮጀክቱ እንደተከፈተ ስለነበር አክስቴ ሰላምታዋን ጀመረች።

የአክስቴ ሰላምታ ረጅም ነው። የከብቱን፣ የጎረቤቱን፣ የሞተውን ሁሉ ትጠይቃለች። የመድረክ መሪው ትከሻዬን ነካ አድርጎ «ወጡ እየቀዘቀዘ ነው፣ ወደ ምርቃቱ እለፈው» አለኝ። ልለፈው፤ ግን ወዴት? ኤንቪዲኤ ካልተናገረ የት እንዳለሁ አላውቅም፤ ከተናገረ ደግሞ ዳሱ ሁሉ ይሰማል። ጊዜ የለም። ድምፁን መለስኩትና ወደሚቀጥለው ምልክት የሚወስደውን አልትና የቀኝ ቀስት ሁለት ጊዜ መታሁ። ስድቦቹ ወጥተዋል፤ ስማቸው ግን አልወጣም ነበር።

«ሲድብ ቱ፣ ቱ ኦፍ ፋይቭ» አለ የድምፅ ማጉያው፣ እስከ ባልጪ በሚሰማ ድምፅ። ወዲያው ተከትላ አክስቴ፦ «በልጅ ይባርካችሁ!»

ወጣቶቹ ሳቃቸውን መቆጣጠር አቃታቸው። ሽማግሌዎቹ «አሜን» አሉ።

ሰው ሲበተን የሙሽራው አባት እጄን ይዘው ከዳሱ ጀርባ ወሰዱኝ፤ አስቀምጠው አረቄ ቀዱልኝ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ልጄ፣ ያንተን ፈረንጅ የልጅ ልጄ ተረጎመልኝ። ከአምስቱ ሁለተኛው ነው አለኝ» አሉ። «አራቱስ የት ገቡ?»

የአክስቴን የቴሌግራም ቁጥር ሰጠኋቸው። አሁን እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እኔ ጋ ይመጡና ሜሪላንድ ያስደውሉኛል፤ ስለዚያ ወሰን በደንብ ይጨቃጨቃሉ፣ መጨረሻ ላይ ጤና ይጠያየቃሉ። የእሳቸው ስልክ ቴሌግራም ስለማይጭን የሚደወለው በእኔ ነው፤ ፓኬጁን የምሞላውም እኔ ነኝ።