ጂፕም ይክሳ!

ሐኪሙም ልጆቼም «ክብደት ይቀንሱ» እያሉ የሚነዘንዙት እኔን ብቻ ነው። ጂፕን ግን ማንም ደፍሮ አይናገረውም!

የአሜሪካ ጦር በ1940 እ.ኤ.አ. አራቱም ጎማ የሚነዳ ቀላል መኪና ሥሩልኝ ብሎ ለ135 ፋብሪካዎች ጥሪ ሲልክ፣ ከ590 ኪሎ እንዳያልፍ ብሎ ነበር። ወታደርና መትረየስ የሚጭን መኪና 590 ኪሎ ብቻ! የማይሆን ነገር ነው። ቢሆንም የዚያን ዘመን ሰው ቢያንስ መክሳት ይመኝ ነበር።

ፔንሲልቬንያ ውስጥ በትለር ከተማ ባንታም የሚባል ኪሱ የተራቆተ ትንሽ ፋብሪካ ነበር። እሱ ካርል ፕሮብስት የተባለውን መሐንዲስ ጠርቶ ንድፉን በሁለት ቀን አስጨረሰና መኪናውን በ49 ቀን አደረሰ። እናንተ ዛሬ አምፖል ለመቀየር ቀጠሮ ትይዛላችሁ! ምን ያደርጋል፤ ጦሩ የባንታምን ንድፍ ወስዶ ለዊሊስና ለፎርድ ፋብሪካዎች አሳየው። ትልቁን ውል እነሱ ወሰዱ፤ ባንታም ተጎታች ሲሠራ ከረመ። ይሄን ሳስብ ደሜ ይፈላል፤ ደም ግፊትም አለብኝ፣ ልተወው።

በኋላ ገደቡ ወደ 980 ኪሎ ከፍ ቢልም የዊሊስ መኪና እሱንም አለፈ። 60 የፈረስ ጉልበት ያለውን ሞተሩን መንካት አልፈለጉም። መሐንዲሱ ባርኒ ሩስ መኪናውን በታትኖ ከየብሎኑ ትርፉን አስቆረጠ፤ ቀለሙ አንዴ ቢደገም እንኳ ሚዛኑን ያልፍ ነበር ይባላል። በር የለው፣ ጣራው ሸራ፣ የፊት መስታወቱ ተጣጣፊ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ሁለቱ ፋብሪካዎች ከ600 ሺህ በላይ ጂፕ ሠሩ።

በ1945 ለገበሬ ሲሸጥ የኋላ መዝጊያ ጨመሩለት። ይሁን፣ ገበሬ ጭነት አለው። ከዚያ በኋላ ግን ካይዘር ገዛው፣ ኤኤምሲ ገዛው፣ ክራይስለር ገዛው፤ የገዛው ኩባንያ ሁሉ ይቀልበዋል እንጂ የሚያስጾመው ጠፋ። በ1980ዎቹ ራንግለር ብለው ክብ የፊት መብራቱንም አራት ማዕዘን አደረጉት። ወዳጆቹ አጉረመረሙ፤ ለ1997ቱ ሞዴል ክቡ ተመለሰ። ማጉረምረም ዋጋ የለውም የምትሉ ይህን መዝግቡልኝ።

ቨርጂኒያ ያለው ልጄ ቤንዚንም ባትሪም ያለውን ራንግለር ገዛ። ከ2,200 ኪሎ በላይ! ስቆጣ ጊዜ «በሩ እኮ እንደ ድሮው ይወልቃል፣ መስታወቱም ይታጠፋል» አለኝ።

«አውልቀኸው ታውቃለህ?»

«ኧረ አባዬ፣ ኤሲው ይወጣል!»