ተርቦስ አይደለም

ሶዶ ምሳ ቤት ውስጥ ነው። አንድ ወጣት ሹፌር ጥሬ ሥጋውን በዳጣ እያጠቀሰ፣ «ጋሼ፣ የኔ መኪና ናፍጣ ይበላል» አለኝ። ተሳቢው ደጅ ቆሟል፤ ሞተሩ ይንተከተካል።

«ምን ያድርግ? አንተ ስትበላ ቆሞ ይይህ?»

«ተርቦው እስኪበርድ ብዬ እኮ ነው።»

«ተርቦስ አይደለም፤ ጠግቧል!»

ዳገት ለወጣ ተርቦ፣ አየር አምቆ ለሞተሩ ለሚያቀብለው መሣሪያ፣ ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ ይበቃዋል። ከዚያ በኋላ ቆሞ የሚሠራ ትልቅ የናፍጣ ሞተር በሰዓት 3 ሊትር ገደማ ይጨርሳል። በታኅሣሥ 2017 ማለቂያ በወጣው ዋጋ፣ ሊትሩን በ98 ብር ከ98 ሳንቲም እንኳ ብናስበው፣ 300 ብር ሊሞላ ምንም አይቀረው።

«ቁልቁለት ላይ አካክሰዋለሁ። ወደ ሁምቦ ስወርድ በዜሮ ማርሽ እለቀዋለሁ።»

«በዜሮ ማርሽ የሚያተርፍ ጋራዥና ቀባሪ ብቻ ነው!»

እዚህ ላይ ድምፄ ከፍ አለ፤ አልጸጸትም። ማርሽ ውስጥ ሆኖ እግሩን ከነዳጅ መስጫው ያነሳ ሹፌር፣ ጎማው ራሱ ሞተሩን ስለሚያሽከረክርለት ናፍጣው ይቋረጣል። በዜሮ ማርሽ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ እየበላ ይወርዳል። ሸክሙ ሁሉ ፍሬን ላይ ያርፋል፤ የጋለ ፍሬን ደግሞ አይይዝም። በዚያ መንገድ ዳር ደብተር የያዘ ልጅ ይሄዳል፤ እናት ዝንጅብል ተሸክማ ገበያ ትወርዳለች። ከእነሱ ሕይወት የሚቆጠብ ሊትር የለም።

«እሺ፤ ከአርባ ምንጭ ሙዝ ጭኜ ስወጣስ?»

«እሱን ለዳሞታ ንገረው፤ ተራራ ዋጋ አይቀንስም።»

አርባ ምንጭ ከባሕር ወለል 1,300 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች፤ ሶዶ 2,000 አካባቢ ናት። ከነጭነቱ 40 ቶን የሚመዝን ተሳቢን ያን ያህል ሽቅብ ማንሳት ብቻ ወደ 20 ሊትር ይጠይቃል። ይህ የማይቀር ዕዳ ነው። ለዳገቱ በማይመጥን ማርሽ እየረገጡ ጥቁር ጭስ መትፋት ግን የሹፌሩ ጥፋት ነው፤ ጭሱ በቅጡ ያልተቃጠለ ናፍጣ ነው።

«ጎማዬ ደህና ነው፤ በእግሬ መትቼ አይቻለሁ።»

«በርግጫ እውነቱን የሚናገር ጎማ የለም። በጌጅ ጠይቀው።»

አየሩ የጎደለ ጎማም ናፍጣ ያባክናል፤ ሜዳ ላይ ደግሞ ነፋስ አለ። መኪናው ከ60 ወደ 90 ኪሎ ሜትር በሰዓት ሲፈጥን የነፋሱ ግፊት ከእጥፍ ያልፋል፤ የላላ ሸራ ሲጨመርበት ይብሳል።

ልጁ እጁን ታጥቦ ረዳቱን ጠራና «አጥፋው» አለው። ረዳቱ አልተንቀሳቀሰም።

«ባትሪው ደክሟል። ከጠፋ አይነሳም።»

«እንግዲያ መኪናህን አትማ፤ ስትቀልብ የኖርከው ባትሪውን ነው! የአዲስ ባትሪ ዋጋ ለ300 አካፍልና ስንት ምሳ እንደሚሆን ንገረኝ።»

ልጁ ስልኩን አውጥቶ ማስላት ጀመረ።