ለስላሳ ጠጥቶ ውሃ ፍለጋ

የውሃ ማጣሪያዬ የውሃ ሃይላንድ ላይ አልገጥም አለ። የለስላሳ ሃይላንድ ላይ ግን ልክክ ይላል።

ነገሩን ላስረዳ። ማጣሪያው ኪስ የሚገባ፣ የእጅ ባትሪ የሚያክል ፕላስቲክ ነው። ሚኒሶታ ያለችው የአክስቴ ልጅ «በየጫካው ስትንከራተት እንዳትታመም» ብላ በሰው የላከችልኝ ነው። በአንዱ ጫፉ ጥርስ አለው። ጠርሙሱን ከወንዝ ትሞላለህ፣ ማጣሪያውን አፉ ላይ ታጠብቃለህ፣ ገልብጠህ ትጨምቃለህ፤ በሌላው ጫፍ ንጹሕ ውሃ ይወጣል። ወረቀቱ ላይ እንዲህ ነው። እዚህ ግን የዛሬዎቹ የውሃ ሃይላንዶች ክዳናቸው ሳስቶ፣ አንገታቸው አጥሮ፣ ጥርሱ ግማሽ ዙር ይይዝና ያንሸራትታል። ውሃው ሳይጣራ በጎን አምልጦ እጅጌዬ ውስጥ ይገባል። የለስላሳው አንገት ረዘም ስለሚል ይይዛል። እንግዲህ የወንዝ ውሃ በነጻ ለመጠጣት መጀመሪያ ለስላሳ መግዛት፣ ስኳሩን መጨለጥ፣ ከዚያ መጠማት ነው። መጠማቱስ አያስቸግርም፣ ስኳሩ ራሱ ያስጠማል።

«ባዶ የለስላሳ ሃይላንድ ከቤት ይጠፋል እንዴ?» ትሉኝ ይሆናል። ጅማ፣ ጊንጆ ጉዱሩ መጥታችሁ ፈልጉ! እዚህ ሰፈር ባዶ ሃይላንድ ሥራ ፈትቶ አያውቅም። እኛ ቤት አንዱ ነጭ ጋዝ ይዟል፣ አንዱ ዘይት፣ አንዱ ከጌራ የመጣ ማር፣ አንዱ ጠበል። አንዱ ደግሞ ምን እንደያዘ የሚያውቅ የለም፣ ከፍቶ ለማሽተት የሚደፍርም አልተገኘም። ጎረቤት ብሄድ የእነሱ ወተት ይዞ ቁጭ ብሏል። ገጠር መንገድ ላይ ልጆች መኪና እየተከተሉ «ሃይላንድ! ሃይላንድ!» ሲሉ ሁላችንም ሰምተናል። ዕድሜ ይዞኝ እንጂ አሁን አብሬያቸው የምሮጥ ነኝ።

በመጨረሻ ሄርማታ ገበያ ባዶ ሃይላንድ ደርድረው ከሚሸጡ እናት ዘንድ ሄድኩ። ማጣሪያዬን አውጥቼ ከየጠርሙሱ አፍ ጋር ስሞክር ቆይተው፣

«ልጄ፣ ለዘይት ነው ለጋዝ?» አሉኝ።

«ለውሃ ነው እማማ።»

«ለውሃማ የውሃውን ውሰድ፤ ይኸው ንጹሕ ነው።»

«የውሃው ለውሃ አይሆንም።»

ከላይ እስከ ታች አዩኝና ወደሚቀጥለው ገዢ ዞሩ።

ይህ ዕቃ ታዲያ የፈረንጅ ተራራ ወጪ ቅንጦት ብቻ እንዳይመስላችሁ። ዘመዱ ጋምቤላ በደንብ ይታወቃል። ምክንያቱ ጊኒ ዎርም ነው፤ ይህ ትል ኩሬ ውስጥ ባለች ኢምንት ፍጥረት ውስጥ ሆኖ ሆድ ይገባል፤ ከዓመት ገደማ በኋላ፣ ብዙ ጊዜ በእግር በኩል፣ ቆዳ ቀዶ ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ1986 በዓለም ላይ 3.5 ሚሊዮን ያህል ሰው ይይዝ እንደነበር ይገመታል። በቅርብ ዓመታት በዓመት የሚያዘው ከ20 ሰው በታች ሆኗል፤ ያውም ክትባት ሳይኖረው፣ የሚያድን መድኃኒት ሳይገኝለት። ከዋና ዋናዎቹ መሣሪያዎች አንዱ ውሃን በጨርቅ ማጥለል ነበር። ከቤት ርቆ ለሚውል ገበሬና አዳኝ ደግሞ አንገት ላይ የሚንጠለጠል፣ ጫፉ ላይ ወንፊት ያለው ቧንቧ ተሰጠው፤ ጎንበስ ብሎ ከኩሬው ይመጥጣል። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው ላይፍስትሮው የዚያ ቧንቧ ልጅ ነው። ልብ በሉ፣ ያ ቧንቧ ጥርስ የለውም። ጠርሙስም አይጠይቅም።

የእኔው ውስጡ መሃላቸው ክፍት የሆነ ቀጫጭን ክሮች ታጭቀውበታል። ቀዳዳቸው 0.1 ማይክሮን ነው፣ ማለትም የሚሊሜትር አሥር ሺህኛ። ጃርዲያ አያልፍም፣ አሜባ አያልፍም፣ የታይፎይድ ባክቴሪያም አያልፍም። ቫይረስ ግን ያልፋል። በየጊዜው በሲሪንጅ ንጹሕ ውሃ ወደኋላ ካልገፉበት ይደፈናል። መጀመሪያ የገረመኝ ጃርዲያ አለማለፉ ነው። ከጃርዲያ ጋር አብረን ያደግን ሰዎች ነን፤ ሆዱን ሲቆርጠው ላቦራቶሪ የሚሄድ ማን ነው? ቀጥታ ቲኒዳዞል ነው።

የቡና ለቀማ ሰሞን ከጓደኞቼ ጋር በሸቤ በኩል በለጠ ደን ገባን። ጫካ ውስጥ ጥሩ ነበር፤ «እስቲ ልሞክረው» ያላለ አልነበረም፣ በለስላሳ ሃይላንድ ስጨምቅላቸው ዋልኩ። ከደኑ ወጥተን አንድ ወንዝ ዳር ስንደርስ ግን ውሃው ጠቁሯል፤ ሽታው ከሩቅ ይቀበላል። ሞላሁና ጨመቅሁ። የወጣው ጠራ ያለ ነገር ነው፣ ሽታው ግን ያው የበሰበሰ ገለባ።

ይሄ ያናድዳል። ቀዩ እሸት ሲለቀም ማጠቢያ ጣቢያዎቹ የፈለፈሉበትንና ያጠቡበትን ውሃ የት ይጥሉታል? ጉድጓድ የተቆፈረለት አለ። ጉድጓዱ ሞልቶ ወንዝ የሚገባም አለ፣ በቀጥታ የሚለቀቅም አለ። ልጣጩና ዝልግልጉ ሲበሰብስ የውሃውን ኦክስጅን ይጨርሰዋል። ከታች ያሉት ከብት የሚያጠጡ፣ ልብስ የሚያጥቡ፣ በጀሪካን የሚቀዱ ሰዎች ናቸው። ምስጢርም አይደለም፤ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2008 ጥናት አሳትመውበታል። የታጠበው ቡና ውጭ አገር ይሄዳል፤ እጣቢው ለእኛ ይቀራል። የሟሟ ነገር ደግሞ በ0.1 ማይክሮንም ሾልኮ ያልፋል። እኛ ምን አደረግን? እያንዳንዳችን የየራሳችንን የውሃ ቢሮ ከፈትን፦ ሮቶ ጣሪያ ላይ፣ ውሃ አጋር መስኮት ላይ፣ ጀሪካን ኮሪደር ላይ፣ የእኔ ደግሞ ኪሴ ውስጥ። ወንዙን የሚጠይቅ ቢሮ ግን የለም። ባለ ማጣሪያው እኔም ሽቅብ ወጥቼ የሚለቀውን ሰው አላነጋገርኩም፤ ጠርሙሴን ደፍቼ መንገዴን ቀጠልኩ።

መንደር ስንደርስ አንዲት እናት ቡና አፈሉልን። የቡና ውሃ ከየት እንደተቀዳ ማን ይጠይቃል? አንድ ደቂቃ መንተክተክ ይበቃል፣ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ሦስት ደቂቃ፣ ይላሉ የጤና ሰዎች። ጀበና ደግሞ ደቂቃ የሚቆጥብ ዕቃ አይደለም። የእኔ ማጣሪያ የሚያሳልፈውን ቫይረስ ሁሉ ሲቀቅል ቆይቶ ነው የሚወርድ። እስከ በረካ ጠጣን፤ ንዴቴም ባይለቀኝ ለዘብ አለ።

የውሃ ሃይላንዱ አንገት ነገር ግን አልለቀቀኝም። አንዱ ጓደኛዬ «ካላማዳሪ ቆርጠህ በመሃል አስገባበት፣ ጥብቅ ይላል» ስላለኝ ሰፈራችን ያለው ጎሚስታ ዘንድ ወሰድኩት። ተቀበለኝ፣ አገላበጠው።

«የምን መኪና ነው?»

«የውሃ ማጣሪያ ነው።»

አንዴ እፍ አለበትና፣ «ለጨጓራ ይሆናል?» አለኝ።

«ለጨጓራ አይሆንም።»

«ታዲያ ምን ያደርግልሃል?» ብሎ ጎማ ላይ አስቀመጠውና ስለ ጨጓራው ያወራኝ ጀመር። በባዶ ሆድ ተልባ ሞክሮ ነበር። ጎማ ሊያስነፋ የመጣ ባለባጃጅ «ተልባማ ምን ያደርጋል፣ አብሽ ነው እንጂ!» ብሎ ገባ። ቀጥሎ ሌላም መጣ። ካላማዳሪውን ያስታወሰ የለም፤ እኔም ለጊዜው ከተልባ ወገን ተሰለፍኩ።