ዕድሜ ለፎርማት!

ፕሪንተሩ ወረቀት ነከሰ? ፎርማት ይደረግ። ሰዓቱ በየጠዋቱ ወደ ኋላ እየተመለሰ ያስቸግራል? ማዘርቦርዱ ላይ ያለችውን ሳንቲም የምታህል ባትሪ መቀየር የተራ ሰው ሥራ ነው፤ ፎርማት ይደረግ። ድምፅ የለውም? ስፒከሩ ተሰክቷል ወይ ብሎ መጠየቅ ደንበኛን መናቅ ይሆናል፤ ስለዚህ ፎርማት። ሌላው ዓለም ለየብልሽቱ የየራሱን መላ ሲፈልግ ስንት ዘመን ባከነ! የኛ ባለሙያዎች ግን አንድ መድኃኒት ቀምመው ለሁሉም ያጠጣሉ። እስካሁን የሞተበትም የለም፣ ከፋይል በቀር።

ከዚህ መድኃኒት ታካሚዎች ሁሉ እኔን የሚማርከኝ አንዱ ነው፤ ሞደሙ አላስተኛ ያለው ኮምፒውተር።

ነገሩ የዊንዶውስ ኤክስፒ ዘመን ቅርስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 ወጥቶ በየቢሮውና በየኢንተርኔት ካፌው ለዓመታት የነገሠው ይህ ዊንዶውስ ሃይበርኔት አድርግ ሲሉት አንዳንዴ እምቢ ይላል። እምቢ ሲል ደግሞ ዝም ብሎ አያኮርፍም፤ ምክንያቱን ጽፎ ያወጣል። የእገሌ ሞደም ድራይቨር ማሽኑ ሃይበርኔት እንዳያደርግ እየከለከለ ነው፤ ፕሮግራሞቹን ዝጉና ድጋሚ ሞክሩ፤ አሁንም እምቢ ካለ ድራይቨሩን ማደስ ሊያስፈልግ ይችላል ይላል። ልብ በሉ፤ ወንጀለኛው በስሙ ተጠርቷል። ማንም ሳያስፈራራው፣ ማንም ሳይለምነው፣ ኮምፒውተሩ ራሱ ጣቱን ቀስሮ «እሱ ነው» ብሏል።

ታዲያ ምን ይደረጋል? «ኦኬ» የሚለው ይጫናላ! ቁልፉ ለምን ተሠራና? እንግሊዝኛ የከበደው ሰው እንኳ ከዚያ ሁሉ ጽሑፍ «ሞደም» የምትለዋን ቃል ለቅሞ ማውጣት አያቅተውም። ግን ባለሙያ እንደማንም ሰው መልእክት አንብቦ ከተረዳ ባለሙያነቱ ምኑ ላይ ነው? መልእክትማ ለማንም ይወጣል።

ሃይበርኔት ምን እንደሆነ ለማያውቅ ላስረዳ፤ ፎርማት አድራጊዎች ይህቺን አንቀጽ ቢዘሏት አልቀየምም። ኮምፒውተሩ እንዲሁ ሲያንቀላፋ፣ ያኔ ስታንድባይ ይባል የነበረው፣ የጀመርነውን ሥራ ራም ላይ እንደያዘ ጥቂት ኤሌክትሪክ እየጠባ ይቆያል። ኤሌክትሪኩ ከተቋረጠ ራም ላይ ያለው ሁሉ ይረግፋል። ሃይበርኔት ግን ራም ላይ ያለውን ሃርድ ዲስኩ ላይ፣ ሲ ውስጥ በተደበቀ አንድ ትልቅ ፋይል ላይ ይጽፍና ኮምፒውተሩን ጭራሹን ያጠፋዋል። ኤክስፒ ላይ ይህ ፋይል ራሙን ያህላል፤ 512 ሜጋባይት ራም ያለው ማሽን ከዲስኩም 512 ሜጋባይት ይመድባል። ከዚያ በኋላ ሶኬቱን ነቅሎ፣ ማሽኑን አሽጎ ጎንደር ድረስ መውሰድ ይቻላል። እዚያ ሲያበሩት ደብዳቤው ከተቋረጠበት ቃል ላይ ይቀጥላል።

እንግዲህ ይህ ነገር ለማን አገር እንደተሠራ እናንተው ፍረዱ። መብራት ጠፍቶ ዩፒኤሱ ጢጥ ጢጥ ማለት ሲጀምር የቀረው ጊዜ በደቂቃ ነው የሚቆጠረው፤ ባትሪው ካረጀ ደግሞ (ያላረጀ ካለ አሳዩኝ) ከዚያም ያንሳል። የሒሳብ ሠራተኛዋ የዓመት መዝጊያ ላይ ናት። ያልተቀመጠ ሰንጠረዥ በሰንጠረዥ ላይ ተከፍቷል። ሃይበርኔት የሚለውን ትጫናለች። ሞደሙ እምቢ ይላል። ኦኬ ትለዋለች። እንደገና ትሞክራለች፤ እንደገና እምቢ ይላል። ዩፒኤሱ ያለማቋረጥ ይጮህና ዝም ይላል፤ መብራት ሲመጣ ባለሙያ ይጠራል።

የከልካዩ ማንነት ግን መታወቅ ይገባዋል። በዚያ ዘመን ከተሸጡት ላፕቶፖች ብዙዎቹ ጎናቸው ላይ የስልክ ገመድ የሚሰካባት ትንሽ ቀዳዳ ነበረቻቸው። ቪ 90 የተባለው ደረጃ እ.ኤ.አ. በ1998 ከወጣ ወዲህ እነዚህ ሞደሞች በሴኮንድ እስከ 56 ኪሎቢት እንቀበላለን እያሉ ይመጡ ነበር። በኛ የስልክ መስመር ከዚህ ውስጥ ምን ያህሉ እንደሚደርስ በ1989 ዓ.ም. ኢንተርኔት አገራችን ሲገባ ጀምሮ ያንን ፉጨትና ማንቋረር የሰማ ሰው ያውቀዋል። ብዙዎቹ ደግሞ ሞደም የሚያሰኛቸውን ሥራ እንኳ በራሳቸው አይሠሩም፤ ድምፁን ወደ ዳታ የመለወጡን ድካም ለኮምፒውተሩ ፕሮሰሰር ጥለው እነሱ የሚያዋጡት ስማቸውንና ቀዳዳቸውን ነው። ቢሮ ውስጥ በኔትወርክ ኬብል በሚሠራ ላፕቶፕ ላይ ያቺ ቀዳዳ ከፋብሪካ ከወጣች ጀምሮ የስልክ ገመድ አይታ አታውቅም። ሥራ የላትም፤ ሥልጣን ግን አላት።

ሥልጣኑን የሰጧት ሠሪዎቹ ናቸው፤ ሁሉንም የኛ ባለሙያዎች ላይ መከመር ደግ አይደለም። ኢንቴል፣ ማይክሮሶፍትና ቶሺባ እ.ኤ.አ. በ1996 ኤሲፒአይ የተባለውን የኃይል አያያዝ ደንብ ሲያወጡ የማስተኛቱን ሥራ ለኦፐሬቲንግ ሲስተሙ አስረከቡት። ዊንዶውስም ሲበዛ ጨዋ ነውና ከመተኛቱ በፊት ድራይቨሮቹን እየዞረ ያማክራል፤ «ልንተኛ ነው፤ ትስማማላችሁ?» ይላል። ሃርድ ዲስኩ እሺ ይላል፤ ስክሪኑ እሺ ይላል፤ ኪቦርዱ እሺ ይላል። አንዱ አልስማማም ካለ ግን ነገሩ ያበቃል። ዕድርተኛው ሁሉ በተስማማበት ጉዳይ፣ ወርሃዊ ከፍሎ የማያውቅ፣ ለቀስተኛ ድንኳን ውስጥም ታይቶ የማያውቅ አንድ አባል ብድግ ብሎ «እቃወማለሁ» ሲል ጉባኤው እንደሚበተን ያህል ነው። ማይክሮሶፍት ራሱ በኋላ ነገሩ ሳይመረው አልቀረም፤ ዊንዶውስ ቪስታ ላይ ሲደርስ ተራ ፕሮግራሞች እንቅልፍን የመከልከል መብታቸውን ተነጠቁ።

ሞደሙ የሚከለክለው በክፋት አይደለም። ወይ መስመር ላይ ነው፤ በስልክ ተደውሎ የተከፈተ ግንኙነት አልተዘጋም። ወይ የፋክስ ፕሮግራም ስልክ እስኪጠራ ድረስ ሞደሙን ይዞ ተቀምጧል፤ ፋክስ ይመጣል ብሎ ያለቀጠሮ ይጠብቃል። ወይ ደግሞ ድራይቨሩ ለቀድሞ ዊንዶውስ፣ አለዚያም ለሌላ ቺፕ የተጻፈ ሆኖ የእንቅልፍ ጥያቄ ሲቀርብለት የሚመልሰው መልስ የለውም። ሦስቱንም መለየት የሚቻለው በማየት ነው። ማየት ግን ጊዜ ይወስዳል፤ ፎርማት የሚፈጀውማ ግማሽ ቀን ብቻ ነው።

ሥርዓቱ እንዲህ ይፈጸማል። ባለሙያው ይመጣል፤ ወንበር ይለቀቅለታል፤ ማኪያቶ ይታዘዝለታል። ኮምፒውተሩን ያበራል፤ መልእክቱን ያየዋል (አየው አልኩ እንጂ አነበበው አልወጣኝም)፤ በረጅሙ ይተነፍስና «ቫይረስ ነው» ይላል። ይህቺ ቃል ከተነገረች በኋላ ቢሮው ጸጥ ይላል፤ የሥራ ባልደረቦች እየመጡ «አይዞሽ» ይላሉ። ቀጥሎ ታላቁ ጥያቄ ይመጣል።

«እትዬ፣ ፋይሎትን ዲ ላይ ነው ያስቀመጡት?»

«ኧረ ዴስክቶፕ ላይ ነው ልጄ።»

«እሱ ችግር የለውም።»

ዴስክቶፕ ላይ ያለው ሁሉ የሚኖረው ሲ ውስጥ መሆኑ፣ ሊጠረግ የተዘጋጀውም ሲ መሆኑ ለእትዬ የሚነገራቸው ከቀብሩ በኋላ ነው። እስከዚያ ግን የባለሙያው ቦርሳ ይከፈታል፤ ስሙ በማርከር የተሞነጫጨረበት፣ ከጓደኛ ጓደኛ የተገለበጠ ሲዲ ይወጣል። ሰማያዊው ስክሪን ላይ መቶኛው ይቆጠራል። እሱ ሲቆጠር ባለሙያው ስልኩን ያያል፤ ይህም ክፍያው ውስጥ ይታሰባል።

አዲሱ ዊንዶውስ ሲነሣ ቢሮው በሙሉ ይሰበሰባል። ባለሙያው ሃይበርኔት የሚለውን ይጫናል። ይተኛል! አንድም ቅሬታ ሳያሰማ ጥልቅ! ባለሙያው ቀና ብሎ ዙሪያውን ያያል፤ ጭብጨባ የቀረው በይሉኝታ ነው። አሁን ምን ተአምር እንደተፈጠረ ልንገራችሁ። አዲሱ ዊንዶውስ ሞደሙን አላወቀውም። ድራይቨር ስለሌለው ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ ቢጫ ምልክት ተለጥፎበት ጥግ ይዟል። ድራይቨር የሌለው አይጠየቅም፤ ያልተጠየቀም አይቃወምም። ግማሽ ቀን፣ አንድ ሲዲና ሁለት ማኪያቶ የፈጀው ፈውስ የሠራው ሥራ ቢኖር አንዱን ሞደም ከጨዋታ ውጭ ማድረግ ነው።

ይህንኑ ያለ ሲዲ ለማድረግ ዲቫይስ ማኔጀርን ከፍቶ፣ ሞደሙ ላይ ቀኙን ክሊክ አድርጎ «ዲሴብል» ማለት ይበቃ ነበር። ከዚያ ሃይበርኔት ተሞክሮ ከተኛ ጥፋተኛው ተረጋገጠ፤ ስልክ የማይሰካበት ከሆነ እንደተዘጋ ይቆያል፤ የሚሰካበት ከሆነ ለዚያው ቺፕ የተሠራ ድራይቨር ይፈለግለታል፤ የፋክሱ ፕሮግራም ከሆነም እሱ ይዘጋል። ግን እስቲ አስቡት፤ በሦስት ክሊክ ላለቀ ሥራ ማን ደፍሮ ሒሳብ ይጠይቃል? ማኪያቶውስ ሳይቀዘቅዝ መነሣት የባለቤቱን ደግነት መግፋት አይሆንም?

ደግሞም ፎርማት በረከቱ ብዙ ነው። መሥሪያ ቤቶቻችን ዩኒኮድ እ.ኤ.አ. በ1999 የግዕዝ ፊደልን ካካተተ በኋላም ለዓመታት የጻፉት በቀድሞዎቹ፣ በነቪዥዋል ግዕዝ ፊደሎች ነበር። እነዚህ ፊደሎች ከኮምፒውተሩ ሲጠፉ «ለሚመለከተው ሁሉ» ብሎ የጀመረው ደብዳቤ የላቲን ፊደልና የነጥብ ሰረዝ ትርምስ ሆኖ ይከፈታል። ዲ ላይ ተቀምጦ የተረፈው ፋይልም ቢሆን በዚህ ዓይነት ከሞት ተርፎ ያብዳል። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ የሚባለው ይኸው ነው፤ ሞደሙ ባጠፋ የግዕዝ ፊደል ተባረረ። ባለሙያውም «ይህ ደግሞ የፎንት ችግር ነው፤ ሌላ ጊዜ መጥቼ አየዋለሁ» ይላል። ሌላ ጊዜ ማለት ሌላ ሒሳብ ነው።

በማግስቱ ድራይቨሮቹ ሁሉ በአንድ ጥቅል ይጫናሉ፤ ሞደሙም ነፍስ ይዘራል። መብራት ሲጠፋ ያቺው መልእክት ብቅ ትላለች። «ቫይረሱ ፍላሽዎ ላይ ነበራ!» ይባላሉ እትዬ። ፍላሹም ፎርማት ይደረጋል።

ዘመኑ ተለወጠ ብላችሁ ተስፋ የምታደርጉ ካላችሁ አትቸኩሉ። ዛሬ ሞደም ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ሲም ካርድ የሚገባባትን፣ ዩኤስቢ ላይ የምትሰካዋን ነው። እሷም የራሷን ፕሮግራም ይዛ መጥታ ሰዓቱ አጠገብ ትቀመጣለች። እ.ኤ.አ. በ2009 ከወጣው ከዊንዶውስ 7 ጀምሮ ጥቁሩ የትእዛዝ መስኮት ላይ ፓወርሲኤፍጂ በሚባለው ትእዛዝ «ሪኩዌስትስ» ብሎ መጠየቅ ይቻላል፤ ኮምፒውተሩን እንዳይተኛ የያዘው ፕሮግራም ወይም ድራይቨር በዝርዝር ይወጣል። አሁንም ስም ይሰጣል። አሁንም የሚያነብለት አላገኘም።

ከፎርማት ዝቅ ብላ ግን በክብር የምትከተለዋ ምክር «አጥፍተህ አብራው» ናት። እሷም ብትሆን ዕጣ ፈንታዋ አላማረም። እ.ኤ.አ. ከ2012 ወዲህ፣ ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ፣ ፈጣን ማስነሻ የሚባለው ካልተዘጋ በቀር ሻትዳውን ማለት በከፊል ሃይበርኔት ማለት ነው፤ ተጠቃሚው የከፈተው ይዘጋል፣ የዊንዶውሱ አንኳርና ድራይቨሮቹ ግን እንዳሉ ዲስክ ላይ ተጽፈው ጠዋት ይመለሳሉ። ስለዚህ በድራይቨሩ የተማረረው ሰው አጥፍቶ ሲያበራው ያው ድራይቨር ከነአመሉ ይነሣለታል። ሁሉን ከአዲስ የሚያስጀምረው ሪስታርት ነው። ይህን ለባለሙያ የሚነግር ጠላት ያፈራል፤ «አጥፍተህ አብራውና ሪስታርት አንድ አይደሉም እንዴ?» ብሎ እንደ መናፍቅ ያየዋል።

ሙያው ግን እያደገ ነው፤ ይህንን ሳልመሰክር ብቀር ግፍ ይሆንብኛል። አዲሱ ትውልድ ፎርማቱን ትቶ ይበልጥ የረቀቀ መላ አምጥቷል። ያንኑ የፓወርሲኤፍጂ ትእዛዝ «ሃይበርኔት ኦፍ» ብሎ ይጽፋል፤ ሃይበርኔት ራሱ ከነትልቁ ፋይሉ ይጠፋል። መልእክቷ ዳግመኛ አትወጣም፤ የሚከለከል ነገር ከሌለ ከልካይ ምን ይሠራል? ሞደሙ አልተነካም፤ ድራይቨሩ አልታደሰም። እትዬ መብራት ሲጠፋ የሚጫኑት ነገር የላቸውም እንጂ ቅሬታ የሚያሰማ መሣሪያ ከቢሮው ጠፍቷል። ባለሙያው ላፕቶፑን እየከደነ፣ ደረሰኝ ሲጠየቅ ያልሰማ እየመሰለ ይናገራል፦

«ሲ ላይ ቦታም በዚያው አስለቅቄልዎታለሁ፤ ለሱ አላስከፍልም።»