ሐተታ ዘፍሪሲዮን፦ በጨጨሆ ዳገት ስለሚመሰከር ሸራ

መቅድም

ሊቃውንት ነፍስ ከሥጋ ጋር በምን እንደምትጋጠም ሲከራከሩ ዘመናት አልቀዋል። ሞተር ከካምቢዮ ጋር በምን እንደሚጋጠም ግን ለሹፌርና ለመካኒክ ተትቶ ኖሯል፤ እነሱ ደግሞ እጃቸው ዘይት ስለሆነ ብዕር አይጨብጡም። ይህ ጉድለት እንቅልፍ ከነሣን ሰነባብቷል። እነሆ ማንም ሳይጠይቀን፣ የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ባለመኪና ፍሪሲዮኑ ሲያልቅበት ከመደርደሪያው ላይ የትኛውን ሳጥን ማንሣት እንዳለበት ልንተነትን ተነሥተናል።

ጥያቄው ቀላል የሚመስለው ለወረታ ሰው ነው። ወረታ በጣና ዳር ሜዳ ላይ፣ በ1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ተንጣልላ ተቀምጣለች፤ እዚያ ማንኛውም ዲስክ ይይዛል። ከዚያ ተነሥቶ ደብረ ታቦርን አልፎ፣ ከ4,000 ሜትር በላይ የሆነውን የጉናን ትከሻ ታክኮ ነፋስ መውጫ የገባ መኪና ግን ከ3,000 ሜትር በላይ ወጥቷል። ገና ጨጨሆ ይጠብቀዋል። ወደ ዓርብ ገበያ፣ ወደ ወገዳ ወይም ወደ መካነ ኢየሱስ የታጠፈውም ከዳገቱ ጋር ኮረኮንች ይጨመርለታል።

አገሩ የማስመስከሪያ አገር ነው። ድጓ የተማረ በቤተልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕት የተማረ በዙር አምባ ካላስመሰከረ መምህርነቱ ሙሉ አይሆንለትም፤ ሁለቱም ጉባኤ ቤቶች ጋይንት ናቸው። እኛም ይህንኑ ሥርዓት ተከትለን እንዲህ ስንል ደነገግን፦ ፍሪሲዮን በአዲስ አበባ አስፋልት ላይ ያሳየው መልካም ጠባይ ምስክርነት አይሆነውም። የሚመሰከረው ጨጨሆ ላይ፣ ጭነቱን እንደያዘ ቆሞ እንደገና ሲነሣ ነው።

ምዕራፍ ቀዳማዊ፦ ፍሪሲዮን ስላልነበረበት ዘመን

በዚህ ዳገት ስለወጣ ከባድ ጭነት የሚጽፍ ሰው ከዐፄ ቴዎድሮስ ካልጀመረ የተማረ አይባልም። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ንጉሠ ነገሥቱ፣ ከደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ የአውሮፓ የእጅ ባለሙያዎች ያቀለጡላቸውን ሴባስቶፖል የተባለ መድፍ በሰረገላ አስጭነው፣ መንገድ እያስጠረጉ በጋይንት በኩል ወደ ቤተ ሖር፣ ከዚያም የጂዳንና የበሽሎን ገደሎች አሻግረው ወደ መቅደላ አስጎተቱት። መድፉ ሰባት ቶን፣ በእኛ ስሌት 70 ኩንታል ገደማ ነበር፤ ዛሬ አንድ አይሱዙ ኤንፒአር ሊጭን ከሚገባው ይበልጣል። ጉዞው ስድስት ወር ገደማ ፈጀ።

የታሪክ ጸሐፍት በዚህ ጉዞ የፖለቲካውን ነገር ሲያብራሩ ዋናውን ጉዳይ ስተዋል። የዚያ ሰረገላ ፍሪሲዮን የሰው ትከሻ ነበር። ትከሻ ቀስ ብሎ ይይዛል እንጂ አይነጥቅም፤ ሲግል ይናገራል፤ ሲደክመው ከመቃጠሉ በፊት ቁጭ ይላል። ከእርሱ የተሻለ ሸራ ከዚያ ወዲህ አልተሠራም፤ ነውሩ ስንቅ መጠየቁ ብቻ ነው። መድፉ ዛሬም መቅደላ ላይ አለ፤ አንድም ፍሪሲዮን አላቃጠለም።

ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ቻይናውያን መጡና ወረታን ከወልድያ የሚያገናኘውን 300 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ሠሩ። እዚህ ላይ አንድ ከባድ የሥነ አመክንዮ ችግር ይነሣል። የጋይንት ሽማግሌ «የቻይና መንገድ» ሲል ዘንጉን ከፍ አድርጎ በአክብሮት ነው። የነፋስ መውጫ መካኒክ ደግሞ የተበላ ዲስክ መሬት ላይ ወርውሮ «ቻይና ነው» ሲል፣ አስከሬን የመረመረ ሐኪም ይመስላል። አንድ አገር እንዴት ዳገቱን ሠርቶ ዳገት የሚወጣውን ማበላሸት ቻለ? መልሱን ለማግኘት ብዙ ደከምን፤ ለካ አጭር ነው። ፋብሪካው በታዘዘው ልክ ይሠራል። መንገዱን ያዘዘ እንዲቆይ ብሎ አዘዘ፤ ዲስኩን ያዘዘ አስመጪ እንዲረክስ ብሎ አዘዘ።

ምዕራፍ ካልዕ፦ ስለ አካሉ፣ ስለ ጠባዩና ስለ መቃጠሉ ምክንያት

የፍሪሲዮን አካሉ ሦስት ነው፤ ከዚህ በላይ ምሳሌ ከመስጠት ሥርዓት ይከለክለናል። ዲስኩ በሁለት ፊቱ ሸራ ለብሶ በጥርሱ የካምቢዮውን ዘንግ ይይዛል። ፕሬዠር ፕሌቱ በሞላው ጉልበት ዲስኩን ከሞተሩ ጋር ከሚዞረው ቮላኖ ጋር ያጣብቃል። ኩሽኔታው የሹፌሩን የግራ እግር ትእዛዝ ተቀብሎ ሞላውን ይገፋል፤ ያን ጊዜ ሞተርና ካምቢዮ ይለያያሉ። የመያዝ አቅሙ ሸራው በሚፋተግበት ኃይል፣ ሞላው በሚጫንበት ጉልበት፣ በክቡ ስፋትና በሁለቱ ፊቶች ይሰላል። ከእነዚህ አንዱን ያሳደገ አቅሙን አሳደገ። ነጋዴውም ይህችን ቀመር ያውቃታል፤ የማያውቀው ቀጥሎ የምንናገረውን ነው።

የሸራን የዘር ሐረግ ለሚሹ አንባቢያን አንድ ነገር እናስቀምጥ። በ1897 እ.ኤ.አ. ኸርበርት ፍሩድ የተባለ እንግሊዛዊ፣ የደርቢሺር ገበሬዎች ቁልቁለት ላይ ጋሪያቸውን ለማቆም ያረጀ ጫማ በመንኮራኩሩ ላይ ሲያጣብቁ አይቶ፣ የተሻለ መፋተጊያ ልሥራ ብሎ ተነሣ፤ የፈጠረውም ፌሮዶ የሚባለውን ስም ወለደ። ያረጀ ጫማ በአገራችንም ሞልቷል፤ ቁጭ ብሎ የሚያየው ነው የጠፋ።

ወደ ነገራችን እንመለስ። «ፍሪሲዮኑ ተቃጠለ» ቢል፦ አንድም ሹፌሩ እግሩን ከፔዳሉ ላይ ስለማያነሣ ነው፤ አንድም ጫኙ የፋርጣን ድንች ያለ ልክ ስለቆለለበት ነው፤ አንድም ከሞተሩ ኋላ ዘይት እየፈሰሰ ሸራውን ስላረጠበው ነው፤ አንድም ሻጩ ስለዋሸ ነው። አንድም ብለን የምንጨምረው የራሳችን ትርጓሜ አለ፤ ለዚህ ሐተታ መጻፍም ምክንያቱ እርሱ ነው፦ አየሩ ስለሳሳ ነው።

በነፋስ መውጫ ከፍታ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው 70 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ተርቦ የሌለው ሞተር ከተወለደበት ጉልበት ወደ ሢሶ የሚጠጋውን እዚያ ያጣል። ተርቦ ያለውም ቢሆን ገና ሲነሣ፣ ተርቦው ሳይነቃ፣ ያው ደካማ ነው። ታዲያ ሹፌሩ ምን ያደርጋል? ነዳጁን ይረግጣል፣ ሞተሩን ያስጮኻል፣ ግማሽ ፍሪሲዮን ይዞ መኪናውን ያባብላል። ሜዳ ላይ እንኳ መኪና ከቆመበት ሲነሣ ሞተሩ ለፍሪሲዮኑ ከሰጠው ሥራ ግማሽ ያህሉ ሸራው ላይ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። ዳገት ላይ ሙቀቱ ይብሳል። መኪናው በግማሽ ፍሪሲዮን ተንጠልጥሎ ሳይሄድ ሲቆም ደግሞ የሞተሩ ሥራ ሁሉ አንድም ሳይቀር ሙቀት ነው። ያን ጊዜ ያ የታወቀው ሽታ ይመጣል፤ ተሳፋሪውም መስኮት ይከፍታል።

ከዚህ የሚወጣው ፍርድ የገበያውን ጥበብ ይገለብጣል። ጋይንት ላይ ፍሪሲዮን የሚሞተው ሞተሩ ስለበረታ አይደለም፤ ሞተሩማ ደክሟል። የሚሞተው ስለሚንሸራተት ነው። ስለዚህ የሚመረጠው ብዙ ጉልበት የሚይዘው ሳይሆን፣ እየተንሸራተተ ቀስ ብሎ የሚይዘውና ሙቀትን የሚታገሠው ነው።

ምዕራፍ ሣልስ፦ ስለ ስፖርት መኪና፣ እንዲሁም ስለ ላይ ቤትና ታች ቤት

አንዳንድ ያልበሰሉ ጸሐፍት የስፖርት መኪና ማለት ዝቅ ያለና ሁለት በር ያለው ነው ይላሉ። በዚህ አገር የስፖርት መኪና አይሱዙ ነው። ሕዝቡ «አልቃይዳ» ብሎ የጠራው ስለ ፍጥነቱና ስለ ጨካኝነቱ ሲሆን፣ ይህን የመሰለ የክብር ስም የተሰጠው ፌራሪ እኛ አናውቅም። ከሥሩ ቅጥቅጡ አለ፤ ያው አይሱዙ ነው፣ ወንበርና መስኮት ተበጅቶለት ሰው ይጭናል። ቀጥሎ አባዱላው ይመጣል።

እንግዲህ ለእነዚህ ባለቤቶች ውጭ አገር ያለ ዘመድ አንድ ቀን ይደውላል፦ «ወንድምዓለም፣ የእሽቅድድም ፍሪሲዮን ልላክልህ፤ እጥፍ ይይዛል!» ስጦታው ከፍቅር ነው፤ ፍቅር ግን የምሕንድስና ዲግሪ የለውም። የእሽቅድድም ዲስክ ሸራው ሴራሚክ ወይም የብረት ቅይጥ ነው፤ ሙቀት ይችላል፤ ነገር ግን ወይ ይይዛል ወይ አይይዝም፣ መሐል አያውቅም። በግማሽ ፍሪሲዮን ልታባብለው ስትሞክር መኪናው እንደ ንዳድ በሽተኛ ይንቀጠቀጣል፣ ቮላኖው ይበላል። ለቀቅ ስታደርገው በአንድ ጊዜ ይነጥቅና ያን ሁሉ ድንጋጤ ለካምቢዮውና ለክሮቸራው ያወርሳል። ሞላው ስለከበደ ደግሞ የሹፌሩ ግራ ጉልበት ከመናኸሪያው ሳይወጣ ያልቃል። ለሜዳ፣ ለጠንካራ ሞተርና ለአንድ ሰው ጭነት የተሠራ ነው። ቅጥቅጥ ላይ ገብቶ ሃምሳ ኪሎ ጤፍና አንድ በግ ያሳፈረ ተሳፋሪ ሲያገኝ ምን ሊል ይችላል?

በቀሩት ሳጥኖች ላይ ሊቃውንተ ጋራዥ ለሁለት ተከፍለዋል፤ እኛም ለማስታወስ እንዲመች ላይ ቤትና ታች ቤት ብለናቸዋል። ላይ ቤቶች «ኦርጅናል ካልሆነ መኪናው ይቁም» ይላሉ። አቋማቸው ክቡር ነው፤ በተለይ የሌላ ሰው መኪና ሲሆን። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ግን የላይ ቤት ደቀ መዛሙርት ቁጥር ሳስቷል። ታች ቤቶች «ሁሉም ያው ነው፣ ርካሹን አምጣ» ይላሉ፤ እነሱም ቶሎ ቶሎ ካምቢዮ ሲያወርዱ ይታያሉ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ከሁለቱ መሐል ያለውን መንገድ ብዙ ሰው አያየውም። እንደ አይሲንና ኤክሴዲ ያሉ አምራቾች ለጃፓን መኪና ፋብሪካዎች ፍሪሲዮን ያቀርባሉ፤ በራሳቸው ስምና ሳጥንም ይሸጣሉ። የመኪናው ፋብሪካ ምልክት ስለሌለበት ዋጋው ይቀንሳል። ለጋይንት ባለመኪና ከዚህ የተሻለ ምርጫ አላገኘንም። ችግሩ ሳጥኑም ተመሳስሎ የሚሠራ መሆኑ ነው፤ ማተሚያ ቤት ከፋብሪካ ይረክሳል።

ከመርካቶ ሶማሌ ተራ የሚመጣ ያገለገለ ኦርጅናልም ወዳጆች አሉት። ለፕሬዠር ፕሌት፣ የሞላው ጣቶች ካልተበሉና ፊቱ በሙቀት ሰማያዊ ካልሆነ፣ አንከለክልም። ያገለገለ ሸራ መግዛት ግን ሌላ ሰው የበላውን ዕድሜ በገንዘብ መክፈል ነው።

ምዕራፍ ራብዕ፦ ሱቅ ስለ መግባት

አሮጌውን ዲስክ በማዳበሪያ ጠቅልለህ ይዘህ ሂድ። የመኪናውን ስም ብቻ የነገረ ሰው ስሙን የሚመስል ነገር ይዞ ይመለሳል። የጥርሱ ቁጥርና የዲስኩ ስፋት አንድ ይሁን፤ ከሁለቱ አንዱ ካልገጠመ የሻጩ መሐላ አያስገባውም። ሳጥኑ ሳይከፈት ብር አይቆጠር። ሲከፈት ሚስማሮቹ ከሸራው ፊት ምን ያህል ጠልቀው እንደተመቱ እይ፤ ያ ጥልቀት የምትገዛው ዕድሜ ነው፣ ሚስማር ብቅ ያለ ቀን ቮላኖው ይፋቃል። መሐል ያሉትን ትንንሽ ሞላዎች በጣትህ ነቅንቅ፤ የሚንኳኳ ካለ መልሰው። የፕሬዠር ፕሌቱ ሞላ ጣቶችም እኩል ይቁሙ።

ሦስቱን፣ ዲስኩን፣ ፕሬዠር ፕሌቱንና ኩሽኔታውን፣ አብረህ ግዛ። ዲስኩን ቀይሮ ኩሽኔታውን የተወ ሰው ለአንድ ርካሽ ክብ ብረት ሲል ካምቢዮውን ዳግመኛ ያስወርዳል፤ ይህን ስስት በገጠርም በከተማም አይተናል። ካምቢዮው ከወረደ በኋላ ቮላኖውን ቶርኖ ቤት ወስደህ ፊቱን አስተካክል፤ ዘይት የሚያፈስ ካለ ያን ዕለት ይዘጋ፤ አዲስ ሸራ በዘይት ከራሰ ከአሮጌው አይሻልም። መካኒኩ የድሮውን አቧራ በኮምፕረሰር ሊነፋ ሲነሣ እጁን ያዝ፤ አሮጌ ሸራ አስቤስቶስ ሊኖርበት ይችላልና፣ ለሳንባ ክፉ ነው። በውኃ አርጥቦ ይጥረገው።

ለመጀመሪያዎቹ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትሮች ከባድ ጭነት አታሳየው፤ ሸራና ቮላኖ እስኪተዋወቁ ድረስ ጊዜ ይፈልጋሉ። ዳገት ላይ ስትቆም የእጅ ፍሬን ያዝ። የእጅ ፍሬኑ እንደ ልማዱ የማይሠራ ከሆነ ረዳቱ ታኮ ይዞ ይዝለል፤ በመለዋወጫ ሱቅ የማይሸጥ፣ ፍሪሲዮንን ግን ከማንኛውም የጃፓን ዲስክ በላይ የሚያቆይ ነገር ቢኖር ፈጣን ረዳት ነው፤ ውሎ አበሉ ላይ አትሰስት።

ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከላቸው በዚህ ዘርፍ ለምንደክም ሊቃውንት የሥራ ዋስትና ጥያቄ አስነሥቷል። የኤሌክትሪክ መኪና ፔዳሉ ሁለት ነው፤ ፍሪሲዮን የለውም። አይሱዙው ግን ገና ብዙ ዘመን ጋይንትን ይወጣል፤ ሸራም ይበላል።

ስለዚህ፣ አንባቢ ሆይ፣ ሻጩ «ኦርጅናል ነው» ሲልህ በደረሰኙ ላይ እንዲጽፍልህ ጠይቀው። ከጻፈ ግዛ። ካልጻፈ የኮፒ ዋጋ ክፈል።