ዝናብ በሻወር፣ በጋ በቧንቧ

ከመኝታ ክፍላችን ጋር የተያያዘውን መታጠቢያ ቤት ልናድሰው ነው ስል፣ አማቴ «ለገላ መታጠቢያ ይህን ሁሉ ብር?» አሉ። አዎ እማማ! እቴጌ ጣይቱ ፍልውሃ ወርደው ገላቸውን ታጥበው ቦታውን ባይወዱት ኖሮ አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. እዚህ ትቆረቆር ነበር? ከተማ ያስቆረቆረ ነገር አንዲት ክፍል ቢያስፈርስ ምን ይገርማል?

ዕቃ መሸጫው ደግሞ ሌላ ነው። «እህቴ፣ ይሄ ጃኩዚ ቤትሽን ሆቴል ያደርገዋል።»

«ስንት ሊትር ይይዛል?»

«300!»

«የቤቴ ማሞቂያ 50 ሊትር ነው። 65 ዲግሪ ቢሞቅ እንኳን፣ በቀዝቃዛ ውሃ ተበርዞ ለገላ ሲስማማ ከ120 ሊትር አይበልጥም። ቀሪውን 180 አንተ በድስት እያፈላህ ታመጣለህ? ደግሞስ 300 ሊትር ውሃ 300 ኪሎ ነው፤ ሰው ሳይገባበት። ወለሉ ይችለው እንደሆነ ኢንጂነሩ ይንገረኝ እንጂ አንተ አትንገረኝ።»

«እንግዲያውስ እንደ ዝናብ የሚያወርደውን ሻወር ውሰጂ።»

«ሮቶዬ ከሻወሩ የሚበልጠው በ3 ሜትር ነው። 10 ሜትር ከፍታ 1 ባር ያህል ግፊት ቢሰጥ፣ የኔ 0.3 ነው። ትሪ የሚያህል ሻወር በዚህ ግፊት ያንጠባጥባል እንጂ አይዘንብም።»

«ፓምፕ አለልሽ!»

«ፓምፕ ውሃ ይገፋል እንጂ ውሃ አይወልድም። ሰፈሬ ውሃ የሚያገኘው በፈረቃ ነው። መጀመሪያ ሁለተኛ ሮቶ፣ ቀጥሎ ፓምፕ፣ ከዚያ ያንተ ዝናብ።»

ክርክሩ የከረረው ግን ከሴራሚክ ሠሪው ጋር ነው። «ሴራሚክ ውሃ አያስገባም፤ ዋተር ፕሩፍ ለምን ይቀባል?» ይለኛል። ሴራሚኩስ አያስገባም፤ በሴራሚኮቹ መካከል ያለው መገጣጠሚያስ? መጀመሪያ ወለሉና ሻወሩ ያለበት ግድግዳ በደንብ ይቀባ። ሲደርቅ ማፍሰሻው ተደፍኖ ውሃ ይሞላበትና 24 ሰዓት ይቆይ። ካላንጠባጠበ ሴራሚኩ ይነጠፍ።

«አንድ ቀን ሙሉ ሥራ ፈትቼ?»

«ከሥር ያሉት ጎረቤቴ ጣሪያቸው ሲጠቁር ስንት ቀን ልትፈታ ነው?»

ቀባ። ሴራሚኩን አንጥፎ ሲጨርስ ግን «እይው፣ እንደ ጠረጴዛ ልክ ነው!» ብሎ ጠራኝ።

«ጠረጴዛ ላይ የፈሰሰ ውሃ በራሱ የት ይሄዳል?»

ዝም አለ። ወለሉ በየሜትሩ 2 ሴንቲ ወደ ማፍሰሻው እንዲያዘነብል ሁለተኛ ተሠራ። እጁ ሥራ ያውቃል፤ ከዚያ በኋላ ያነጠፈው እንከን የለውም።

የባሌ እህት «ሽታ ከመጣ ጥሩ መዓዛ ያለው ሻማ ታበሪያለሽ» አለች። እኔ ግን ሻማ የማበራው ለደስታዬ ነው። ለሽታው ከማፍሰሻው ሥር ያለው ሲፎን ይበቃል፤ ውስጡ የቆመው ውሃ እስካልደረቀ ድረስ ከፍሳሹ መስመር ምንም አይወጣም። ለእንፋሎቱ ደግሞ መስኮቱ ላይ አየር ማውጫ ተገጥሟል፤ ጂፕሰሙ እንዳይሻግት።

«ታዲያ ማማሩ የት አለ?» አለ ባለቤቴ። ማማሩማ አሁን መጣ! ረገብ ያለ ቢጫ መብራት፣ እግር የማያዳልጥ የአሸዋ መልክ ያለው ሴራሚክ፣ ሳሙና የሚቀመጥበት ግድግዳ ውስጥ የገባ መደርደሪያ፣ አንዲት የእንጨት ዱካ።

«ይሄ የግድግዳ መያዣ ብረትስ? የሆስፒታል አስመሰልሽው።»

«እናቴ ፋሲካን እኛ ጋ ናት። ይዛው ትነሣለች።»