አራት ጊጋዬን ማን በላት?

64 ጊጋ ተብሎ የተሸጠልኝ ሚሞሪ ላፕቶፕ ላይ ሲከፈት 59.6 ይላል። ባዶ ነው እኮ! ፎቶ የለበት፣ ዘፈን የለበት። የሸጠልኝን ልጅ ብጠይቀው ከስልኩ ቀና እንኳን ሳይል «ጋሼ፣ ኖርማል ነው» አለኝ።

እስቲ አሰላ ገበያ ወጥቶ ገብስ የሸመተ ይፍረደኝ። ሻጯ ጣሳውን ሞልታ፣ ቁልል አድርጋ ሰፍራ፣ «መርቂልኝ እንጂ» ስትባል ደግሞ በእፍኟ ትጨምራለች። የሚሞሪ ፋብሪካ ግን ቁልሉን ገፎ፣ ከአፍ ጎደል አድርጎ ይሰፍርና ማሸጊያው ላይ «ሙሉ» ብሎ ይጽፋል።

ጎረቤቴ የሒሳብ መምህር ናቸው፤ አስረድተውኛል። ፋብሪካው አንድ ጊጋ የሚለው ድፍን አንድ ቢሊዮን ባይት ነው። ላፕቶፑ ደግሞ 1,024ን ሦስት ቦታ አስቀምጦ ያባዛና 1,073,741,824 ካልሞላ ጊጋ አልልም ይላል። 64 ቢሊዮኑን ለዚህ ቁጥር ሲያካፍሉት 59.6 ይመጣል። ስለዚህ ማንም አልሰረቀህም አሉኝ። ገብቶኛል። የገባኝ ነገር ሁሉ ደስ ይበለኝ የሚል ሕግ ግን የለም።

«ለአራት ጊጋ ይህን ያህል?» የሚለኝ አይጠፋም። ይህ እኮ የኃይሌ ገብረሥላሴ አገር ነው! እ.ኤ.አ. በ2000 ሲድኒ ላይ ኃይሌ ፖል ቴርጋትን የቀደመው በ9 መቶኛ ሰከንድ ነው። ለዚያች ሽርፍራፊ አገር በሙሉ ተቃቅፎ አልቅሷል፤ ማንም «ትንሽ ናት፣ ኖርማል ነው» አላለም። ደግሞ ኃይሌ ምን ሚሞሪ ነበረው? ልጅ ሆኖ ደብተር ሸጉጦ ትምህርት ቤት ሲሮጥ የለመደውን ግራ ክንዱ መዝግቦ ይዞ፣ ኦሎምፒክ ሜዳ ላይም እጥፍ ብሎ ይታይ ነበር። ያለ አዳፕተር።

አዳፕተር ካልኩ አይቀር፣ ውጭ አገር ዘመድ ባለው ቤት ሁሉ ቡፌው ውስጥ ከሲኒዎቹ ጎን የተቀመጠ ካሜራ አለ። ይሠራል፤ ሚሞሪው ነው የማይገኘው። ኮምፓክት ፍላሽ የሚባለው ሰፊው እ.ኤ.አ. በ1994 መጣ። በ1998 ሶኒ የራሱን ሜሞሪ ስቲክ አወጣ። በ1999 ሳንዲስክ፣ ፓናሶኒክና ቶሺባ በኤስዲ ተስማሙ። እፎይ ሊባል ሲል፣ በ2002 ኦሊምፐስና ፉጂፊልም «እኛስ?» ብለው ኤክስዲ የሚባል ጨመሩ። በየፊናቸው ሲጓተቱ ቆይተው ሁሉም ዞሮ ዞሮ ወደ ኤስዲ ገቡ፤ የቡፌው ካሜራ ግን አልሰማም። ዛሬ የቀረችልን ማይክሮዋ ናት፦ 15 በ11 ሚሊሜትር። ቡና ሲፈላ ቄጠማ ላይ ከወደቀች የቤቱ ሰው በሙሉ ይንበረከካል።

እስካሁን እየቀለድኩ ነው። የማልቀልድበት ነገር አለ፤ እሱም አስመሳዩ ሚሞሪ ነው። ውስጡ 8 ጊጋ ሆኖ፣ 128 ነኝ ብሎ እንዲዋሽ ተደርጎ ይሠራል። አንዳንዱማ ሲከፈት 119 ይላል፤ ኖርማል ለመምሰል! ካሜራው ያምነዋል። የሰርግ ቪዲዮ ቀራጩም ያምነዋል። 8ቱ ካለቀች በኋላ ካርዱ «ተቀብያለሁ፣ ተቀብያለሁ» እያለ ይቀጥላል፤ ማታ ሲታይ የፋይሉ ስም አለ፣ ውስጡ የለም። የሽማግሌዎቹ ምርቃት ሄደ። የሙሽራዋ እናት እንባ ሄደ። ጭፈራው ይደገም ቢባል ይደገማል፤ ዘንድሮ ቆመው የመረቁ አዛውንት ግን ለክርስትናው ላይደርሱ ይችላሉ። ይህን የሚሠራም፣ እያወቀ የሚሸጥም ሰው ነጋዴ አይባልም። ሌባ ነው፤ ያውም የሰረቀውን እንኳ የማይጠቀምበት ሌባ! ሚሞሪውን ጢም አድርጎ ሞልቶ፣ መልሶ እያነበበ የሚያጋልጥ ነፃ ፕሮግራም አለ ይላሉ። አለ። ለትልልቁ ካርድ ሰዓታት ይፈጃል። በአሰላ የሐምሌ ብርድ፣ ከ2,400 ሜትር ከፍታ በላይ፣ ማን ሱቅ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል?

ለኔ የሸጠልኝ ልጅ እንኳን አላታለለኝም፤ 59.6ቱ ሙሉ በሙሉ አለች፣ አስፈትሼያለሁ። የዘመዳችንን የጥሩን ሰርግ በሷ ነው ያነሣነው። ባለፈው ቴሌቪዥን ላይ ስናየው ግን ፎቶው ጥግ ላይ 2026 የሚል ተጽፏል፤ ሰዓቱም 10:00። አክስቴ መነጽራቸውን አስተካክለው «ልጅቷ ከአራት ሰዓት በፊት ነው የወጣችው፤ ዓመቱስ ቢሆን ገና ስምንት ዓመት ይቀረዋል» አሉ። ስለ ፈረንጅ አቆጣጠር ላስረዳ አፌን ስከፍት፣ አጎቴ ከሙሽራዋ ጀርባ ያለው የጭላሎ ተራራ ነው አሉ። አክስቴ ደመና ነው አሉ። ተራራው በየት በኩል እንደሆነ ለማሳየት ሁለቱም ተነሥተው በረንዳ ወጡ፤ ውጭ ደግሞ ጉም ነበር።